ሰሊጥን እስከ ማሳው መከታተል፦ ቴክኖሎጂው የት ይሠራል፣ የት ይበጠሳል

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 19 ቶን ገደማ ሰሊጥ ይይዛል። በ50 ኪሎ ከረጢት 380፣ በኩንታል 190 ማለት ነው። ከአንድ ገበሬ 5 ኩንታል ተሰበሰበ ብንል፣ ከመተማ ወይም ከታች አርማጭሆ ተነስቶ በጎንደር በኩል ጅቡቲ የሚደርስ አንድ ኮንቴይነር በትንሹ የ38 ሰው ምርት ተጠራቅሞበታል። የውጭ ገዢ ድሮ የሚጠይቀው ንጣቱን፣ ንጽሕናውንና ዋጋውን ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሯል፦ ችግር ቢገኝበት የማን ምርት እንደሆነ፣ ከዚያው ሰው ምርት ሌላ የት የት እንደተላከ በስንት ሰዓት ትነግሩኛላችሁ?

ይህን ለመመለስ የሚዘረጋው ሥርዓት የምርት ዱካ ክትትል ይባላል፤ ላኪዎች ዘንድ ትሬሰቢሊቲ የሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ብሎክቼይን፣ ኪውአር ኮድ፣ የሳተላይት ምስልና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚሁ ስም ይሸጣሉ። ሁሉም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሆኖም የሰሊጥ ዱካ የሚጠፋበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የሁለት ሰው ምርት አንድ ሸራ ላይ ሲፈስ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ቴክኖሎጂ ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚከታተለው ድብልቁን ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ

የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በሚገባ ሰሊጥ ላይ ሳልሞኔላን ሰግቶ የተጠናከረ የድንበር ቁጥጥር ያደርጋል። በ25 ግራም ናሙና ውስጥ ባክቴሪያው ጨርሶ መገኘት የለበትም። ሳልሞኔላ ደረቅ ዘር ላይ ባይራባም ቶሎ አይሞትም፤ ለወራት ይቆያል። የሚገባውም ነዶው ባዶ መሬት ላይ ሲራገፍ፣ ከብትና ወፍ ሲመላለስበት፣ አይጥ ያለበት መጋዘን ውስጥ ሲከርም ነው።

የኬሚካል ቅሪት ደግሞ ሌላው ራስ ምታት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በምትሠራበት ሥርዓት የተለየ ገደብ ያልወጣለት ፀረ ተባይ ከ0.01 ፒፒኤም ማለፍ የለበትም፤ በአንድ ቶን 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህን በሂሳብ እንየው። አንድ ገበሬ ነዶው ላይ መድኃኒት ረጭቶ የእሱ 5 ኩንታል 0.4 ፒፒኤም ቅሪት ቢኖረው፣ የቀሩት 37 ሰዎች አንዲት ጠብታ ሳይነኩ እንኳ ድብልቁ 19 ቶን በሙሉ ከ0.01 ያልፋል። አንዱ ባጠፋ ኮንቴይነሩ ይመለሳል፤ ማን እንዳጠፋ ካልታወቀ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያው ይደገማል።

በሌላ አገር የደረሰውም ትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከህንድ በገባ ሰሊጥ ላይ ኤትሊን ኦክሳይድ የተባለ፣ አውሮፓ ለምግብ የከለከለችው የማምከኛ ጋዝ ቅሪት ቤልጂየም ውስጥ ተገኘ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦና ብስኩት ሳይቀር በሺዎች የሚቆጠሩ ምርቶች በመላው አውሮፓ ከመደርደሪያ ወረዱ። የትኛው ጭነት ከየትኛው ጋር እንደተቀላቀለ መለየት ያልቻለ ፋብሪካ ሁሉንም ከማንሳት ሌላ መውጫ የለውም።

ከሂላ እስከ ኮንቴይነር

በቆላው ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይታጨዳል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚረግፍ፣ ገና ቢጫ ሲል ታጭዶ በነዶ ይታሰርና ሂላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ሳምንት ገደማ ከደረቀ በኋላ ነዶው ተገልብጦ ይራገፋል። ዘር መጣጭ ተባይ የሚያጠቃውም፣ መድኃኒት የሚረጨውም በዚሁ ሂላ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ እዚህ የሚያዘው ነው፦ ማሳው የማን ነው፣ ዘሩ ምንድን ነው፣ ምን ተረጨ፣ መቼ፣ ነዶው የተራገፈው ሸራ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ። አምስት መስመር ናት። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃታል። የምናየው ሥርዓት ሁሉ ግን ይህችን ዘልሎ ከመጋዘን በር ይጀምራል።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ነጋዴ ይመጣል። ከአንዱ 30 ኪሎ፣ ከሌላው ሁለት ኩንታል እየመዘነ ይገዛና ከረጢቱ እስኪሞላ አንድ ላይ ያፈሰዋል። የሺህ ፍሬ ክብደት 3 ግራም ገደማ ስለሆነ አንድ ኩንታል ከ33 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለው። አንዴ ከተቀላቀለ የሚለየው ፍጡር የለም። ሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ አቅራቢው ገንዳ ውኃ ወይም አዘዞ ወዳለ መጋዘን፣ ከዚያም ወደ ማበጠሪያ ማሽን ያደርሰዋል፤ በየደረጃው ድብልቁ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ስለ ምርት ገበያ መናገር ግድ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የዘረጋው አሠራር ምርትን በደረጃ ለይቶ መመዘን፣ ለአስረካቢው የመጋዘን ደረሰኝ መስጠትና ክፍያውን ዋስትና ባለው መንገድ ማስተላለፍ ነው። ጎንደርና መተማን ጨምሮ በመጋዘኖቹ አንድ ደረጃ ያገኘ ሰሊጥ በዚያው ደረጃ ካለ ከማንም ሰሊጥ ጋር እኩል ነው። ለዋጋና ለእምነት ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ናሙና ሳያይ የሚገዛ ነጋዴ የተገኘው በዚህ ነው። ዱካን ግን ያደበዝዛል፤ ምክንያቱም አሠራሩ የቆመው የማን ማሳ እንደሆነ ሳይጠየቅ መገበያየት በመቻሉ ላይ ነው። ጥፋት ብለን የምንነቅፈው ነገር አይደለም፤ ሁለቱን ዓላማ በአንድ መጋዘን ማስታረቅ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም ማኅበር ወይም ላኪ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይወስን፦ ሎቱ ስንት ኩንታል ነው? ሎት ማለት ሳይቀላቀል አብሮ የሚሄድ፣ አንድ ቁጥር የሚሰጠው ክምር ነው። እያንዳንዱን ገበሬ ለብቻ መለየት የሚያዋጣው ሰፊ እርሻ ላለው ብቻ ነው፤ አምስት ኩንታል የሚያመጣውን ለብቻ ማበጠር ማሽኑን ሥራ ማስፈታት ይሆናል። መካከለኛው መንገድ ሎቱን በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቀን፣ በ10 ገበሬና በ50 ኩንታል መገደብ ነው። አራት ሎት አንድ ኮንቴይነር ይሞላል፤ ችግር ከተገኘ የሚጠየቀው 10 ሰው ነው።

ሎቱ ተለይቶ መጥቶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማበጠሪያው ላይ ነው። ማሽኑ ሳይቆም ሎት 2 በሎት 1 ላይ ከተጨመረ፣ በማንሻው ሥርና በወንፊቶቹ መካከል የቀረው ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ በሁለት ሎት መካከል ማሽኑ ባዶውን ይሩጥ፣ የማንሻው ሥር ተከፍቶ ይጠረግ፣ ጠራጊው ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ሠራተኛው የሚከፈለው በተበጠረ ኩንታል ልክ ከሆነ ግን ይህን እንደማያደርገው እወቁት፤ ማቆሙ ከኪሱ ነው። የጽዳቱ ጊዜ ክፍያ ውስጥ ይግባ።

መዝገቡ ላይ የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች

ስም። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር አራት። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንዲሁ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ገበሬውን በስሙ ብቻ የሚመዘግብ ሥርዓት በሁለተኛው ዓመት የአባላቱ ቁጥር ከቀበሌው ሕዝብ ይበልጥበታል። መፍትሔው የማይለወጥ ቁጥር ነው፦ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ያለው በእሱ፣ የሌለው በማኅበሩ የአባልነት ቁጥር። ስልክ ቁጥር አይሆንም፤ በአንድ ስልክ ሦስት ወንድማማች ይጠቀምበታል።

ቀን። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በቁጥር 05/02/2018 ተብሎ ይጻፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም ይህን የካቲት ወይም ግንቦት 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ሰሊጡ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ ይታያል። ሰዓትም እንደዚያው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተመዘነ መኪና በአንዱ መዝገብ 3:00፣ በሌላው 9:00 ከሆነ፣ ጭነቱ ሳይነሳ የደረሰ ይመስላል። ሰብሳቢው የሚያየው በኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ስልኩ በሆዱ የሚያስቀምጠው ግን በአንድ ወጥ አቆጣጠር ይሁን።

ቦታ። የመተማ ዮሐንስ ኬክሮስ 12.96፣ ኬንትሮሱ 36.15 ገደማ ነው። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ማሳው በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ባሕር ውስጥ ይገኛል። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከአካባቢው ክልል የወጣ ቁጥር እንዳይቀበል ከመነሻው ይታዘዝ። ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞችም ያስፈልጋሉ፤ ሁለት አኃዝ ብቻ ከተጻፈ ስህተቱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አራት ከሆነ 11 ሜትር ገደማ። መዝጋቢው በማሳው በእያንዳንዱ ጥግ ቆሞ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት ክልል ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቅ። በተቀመጠበት ዛፍ ሥር ሆኖ የሁሉንም ማሳ በአንድ ነጥብ የሚሞላ መዝጋቢ አይጠፋም፤ የ10 ገበሬ ነጥብ አንድ ዓይነት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኔትወርክ። በቆላው ቀበሌዎች ኢንተርኔት አለ ብሎ ሥርዓት መዘርጋት ሳይጀመር መውደቅ ነው። መዝገቡ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ፦ ሁለት ስልኮች ያለ ኔትወርክ ቁጥር ሲሰጡ ሁለቱም ሎት 145 ይላሉ፤ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የስልኩ መለያ ፊደል ይግባ፤ ሀ-145 እና ለ-145 አይጋጩም።

መለያ ወረቀት። በሙቀት የሚታተመው ርካሽ ወረቀት በመተማ ፀሐይ ይጠቁራል ወይም ይነጣል፤ የሰሊጥ ዘይት ከነካውማ ጽሑፉ ይጠፋል። አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ ከረጢት ላይም ማጣበቂያ አይያዝም። የሚሻለው ከከረጢቱ አፍ ጋር አብሮ የሚሰፋ የጨርቅ መለያ ነው። ኪውአር ኮዱ በከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ ይታተም፤ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ ይነበባል። ከሥሩ ቁጥሩ በአኃዝ ይጻፍ፤ ካሜራ ሲከዳ ዓይን ያነበዋል። ኮድን ፎቶ አንስቶ አባዝቶ አሥር ከረጢት ላይ መስፋት ቀላል ስለሆነ ደግሞ፣ አንድ ኮድ በአንድ በር ሁለት ጊዜ ሲገባ ሥርዓቱ ይጩህ።

ከረጢቱ ራሱም ዱካ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ሲናጋ፣ ጣቱ የተቀሰረው ወደ ማሳው ሳይሆን ቡናው ወደ ታጨቀበት ጆንያ ነበር። የቡናውን መንገድ ብቻ የሚመዘግብ ሥርዓት ያን ምክንያት አያገኘውም። ከረጢቱ ከማን ተገዛ፣ በየትኛው ቀን ገባ፣ ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል ይዞ የነበረ አሮጌ ነው ወይ የሚለው አብሮ ይጻፍ።

ሚዛኑ የማይዋሽበት ሂሳብ

ቴክኖሎጂ ከሚሰጠው ሁሉ እኛ የምናስቀድመው ተራውን የገቢና ወጪ ሂሳብ ነው። 200 ኩንታል ሰሊጥ በ8 በመቶ እርጥበት ገብቶ ወደ 6 በመቶ ቢደርቅ 195.7 ኩንታል ይሆናል። ባዕድ ነገሩ 4 በመቶ የነበረው ተበጥሮ ወደ 1 በመቶ ሲወርድ ደግሞ 189.8 ይቀራል። ስለዚህ ከ40 ገበሬ የተገዛ 200 ኩንታል አንድ ኮንቴይነር ይሞላል እንጂ ከዚያ አያልፍም። መዝገቡ 200 ገብቶ 200 ወጣ የሚል ከሆነ 10 ኩንታል ከሌላ ቦታ ተጨምሯል፤ ምንጩ ያልታወቀ ሰሊጥ ማለት ነው። 175 ብቻ ከወጣ ደግሞ ወይ ተሰርቋል ወይ በሌላ ሎት ስም ወጥቷል።

ሌላኛው መፈተኛ ምርታማነት ነው። በዝናብ የሚለማ ሰሊጥ በሄክታር ከ5 እስከ 8 ኩንታል ቢሰጥ የተለመደ ነው። 2 ሄክታር ያስመዘገበ ገበሬ 40 ኩንታል ሲያስረክብ የጎረቤቱን ወይም የነጋዴውን በስሙ እያሳለፈ ነው። ይህን የሚያወጣው አንድ የኤክሴል ቀመር ነው።

ብሎክቼይን ምን ይጨምራል

ብሎክቼይን እያንዳንዱ መዝገብ የቀደመውን አሻራ ይዞ የሚቀጥልበት፣ ቅጂውም በብዙ ባለድርሻ እጅ የሚገኝ ደብተር ነው። አንዱ የድሮውን ገጽ ሹልክ ብሎ ቢቀይር አሻራው ስለማይገጥም ሌሎቹ ይይዙታል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የተጻፈው እንዳይለወጥ ያደርጋል። ሲጻፍ እውነት መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ መዝጋቢው የሌለ ማሳ ከጻፈ ብሎክቼይኑ ያን ውሸት አጥብቆ ይይዘዋል።

በየስብሰባው የሚጠቀሰው ምሳሌ የዋልማርትና የአይቢኤም የማንጎ ሙከራ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የአንድ ጥቅል ማንጎን መነሻ ለማግኘት 7 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ፍለጋ በ2.2 ሰከንድ አለቀ። የማይነገረው፣ ማንጎው አስቀድሞ በጥቅል ተለይቶ ቁጥር ይዞ የሚጓዝ መሆኑ ነው። ፍለጋው ፈጠነ እንጂ የተደባለቀ አልተለየም። በተቃራኒው መርስክና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመሩት ትሬድሌንስ የተባለ የመርከብ ጭነት መድረክ ቴክኖሎጂው እየሠራ እያለ እንዲዘጋ በ2022 ተወሰነ፤ የዘርፉን ተዋናዮች በሚፈለገው መጠን በአንድ መድረክ ማስተባበር አልተቻለም ነበር። ተፎካካሪ ድርጅቶች መረጃቸውን ተቀናቃኛቸው ባለድርሻ ወደሆነበት ደብተር ለመጻፍ አይቸኩሉም፤ የኛ ላኪዎችም ከዚህ የተለየ ጠባይ የላቸውም።

እና መቼ ያዋጣል? ማኅበሩ፣ ላኪው፣ ባንኩና ገዢው እርስ በርስ ሳይተማመኑ አንድ መዝገብ መጋራት ሲፈልጉ። ደብተሩን የሚጽፈውም የሚይዘውም አንድ ድርጅት ከሆነ ግን ተራ ዳታቤዝና በየሳምንቱ ለገዢው የሚላክ የታሸገ ቅጂ ይበቃዋል፤ ቀሪው ገንዘብ ለሸራና ለትክክለኛ ሚዛን ቢውል ይሻላል።

ሳተላይቱን በአጭሩ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት አንድ ቦታን በየ5 ቀኑ ያያል፤ አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ባለ 2 ሄክታር ማሳ 200 ነጥብ ይሆናል። ማሳው መታረሱንና መቼ እንደታጨደ ለማየት በቂ ነው። ችግሩ ሰሊጡ የሚያድግበት ሐምሌና ነሐሴ ደመና መሆኑ ነው፤ ያኔ ደመና የሚሰነጥቀውን የሴንቲኔል 1 ራዳር መጠቀም ግድ ይላል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ ነው የሚያስከፍለው። በካሜራ እያየ የጠቆረውን ፍሬ በአየር የሚተፋው የቀለም መለያ ማሽን ንጣቱን ያስተካክላል፤ ሳልሞኔላንና የኬሚካል ቅሪትን ግን አያይም።

ሳይታወቅ የሚያልፈው ትልቁ ጉድለት ክፍያ ነው። ገበሬው ሸራ አንጥፎ፣ የረጨውን ተናግሮ፣ ለይቶ ሲያመጣ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ዋጋ ከተሰጠው በሚቀጥለው ዓመት አይለይም። የረጨውን ሲናገር ምርቱ የሚጣልበት ከሆነም ይደብቃል። ስለዚህ የተረጨው በተለየ ሎት ተገዝቶ ለሌላ ገበያ ይሂድ፤ ላልተረጨውና ሸራ ላይ ለተራገፈው በኩንታል የታወቀ ጭማሪ ይኑር፤ ጭማሪውም በሚዛኑ ዕለት ይከፈል።

ሥርዓቱ መሥራቱን ለመፈተን የውጭ መርማሪ መጠበቅ አያስፈልግም። በመስከረም፣ ግዢው ሳይጦፍ፣ ካለፈው ዓመት ጭነት አንድ የከረጢት ቁጥር በዕጣ አውጡ። ሁለት ዝርዝር ይቅረብ፦ ወደ ኋላ፣ ሰሊጡ የመጣባቸው ገበሬዎችና ማሳዎች፤ ወደ ፊት፣ ከዚያው ሎት የወጡ ከረጢቶች በሙሉ የት እንደሄዱ። በምግብ ደኅንነት ምዘና የተለመደው ገደብ 4 ሰዓት ነው። ዝርዝሩ 10 ሰው ይዞ ከመጣ ሥርዓቱ ቆሟል። 400 ሰው ይዞ ከመጣ ሶፍትዌሩን አትቀይሩ፤ ሎቱን አሳንሱ፣ ማበጠሪያው በየሎቱ መካከል ቆሞ መጠረጉን የሚያሳየውን የፊርማ ወረቀትም አውጥታችሁ እዩ።